ተቀባይ ያጣ ስንኝ፤ ስለ አስናቀች ወርቁ ሸክላ

ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ወደ ዘፈን የመጡት በቴአትር በር ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም.፥ ወንዶች ሴት መስለው ይጫወቱ በነበረበት ጊዜ፥ ደፍረው ከመድረክ ከወጡት ቀደምት ሴቶች አንዷ ነበሩ። በኋላም ክራር እየመቱ ግጥም በመደርደር ዝናን አተረፉ፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፉ።

የምንመረምረው በ1975 እ.ኤ.አ. የተቀረጸውንና በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር እንደ ገና የታተመውን ሸክላቸውን ነው። በእጃችን የገባው ያገለገለና ጭረት የበዛበት ቅጂ ነው። እርሱኑ ይዘን፥ ሩዝ ታጭዶ በተወቃበት በጥር ወር፥ ወረታ ገባን። ርብና ጉማራ በሚያጠጡት በፎገራ ሜዳ፥ በሠርጉም በጠጅ ቤቱም አዝማሪን የለመደ ጆሮ ስላለ፥ ሸክላውን በዚያ ጆሮ ለመመዘን አስበን ነበር።

በመጀመሪያ የታዘብነው የአነጋገሩን ጥራት ነው። ማሲንቆ በጭራ ስለሚገዘገዝ ድምፁ ከዘፋኙ ጋር ይሳባል፤ ክራር ግን ከተመታ በኋላ ቶሎ ይከስማል። በዚያ ባዶ ቦታ ወይዘሮ አስናቀች ቃሉን እንደ ተዋናይ ያስቀምጡታል፤ አንዱን ይጥሉታል፥ አንዱን ይስቡታል፥ ከሚቀጥለውም በፊት ዐረፍ ይላሉ። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋንና የተማረ ሐረጉ ድራም ቦታ ይለቁላቸዋል እንጂ አይሻሟቸውም።

ጉድለቱን ያሳዩን ግን ከአድማጮቹ መካከል የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በዜማው ደስ ቢሰኙ፥ እንደ አዝማሪ ቤት ወግ፥ «ተቀበይ!» ብለው አንድ ስንኝ ሰጡ። ሸክላው መንገዱን ቀጠለ። እርሳቸውም ወደ እኛ ዞር ብለው፥ «ልጆቼ፥ ይችስ ተቀበይ ቢሏት አትቀበልም» አሉ። ሁላችንም ሣቅን፤ ነገሩ ግን ከሣቅ የሚያልፍ ነው።

ወይዘሮ አስናቀች በመድረክ ላይ ከማሲንቆ ተጫዋቹ ከጌታመሳይ አበበ ጋር ስንኝ ለስንኝ በመመላለስ የታወቁ ነበሩ። በዚህ ሸክላ ግን መላሽ የላቸውም፤ ኦርጋኑ ዜማ እንጂ ቃል አይመልስም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሸክላው ተዋናይዋን በሚገባ አትርፎልናል፤ ቅብብሉን ግን አላተረፈልንም። ከሸክላ ብቻ የሚማር ትውልድ ይህን ጥበብ የብቻ ዘፈን አድርጎ እንዳይቈጥረው እንሠጋለን። ድምፅ የሚቀርጹ ሁሉ ከባለሙያው ጋር የአድማጩንም ስንኝ ቢቀርጹ መልካም ነው። ይህን ስንል ራሳችንን ከወቀሳ አናወጣም፤ የሽማግሌውን ስንኝ በዚያች ምሽት ከመካከላችን የጻፈው አንድም አልነበረም።