ምስጋና ያለ ስለት፦ ጸሎተ አኰቴት በሐዘን ቤት

በመከራ ውስጥ ማመስገንን የሚያወድሱትም የሚነቅፉትም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስሕተት ይጋራሉ። ሰባኪው ልጇን የቀበረች እናት እንባዋን ጠርጋ «ተመስገን» ስትል የእምነት ጥግ አድርጎ ያቀርባታል። ነቃፊው ምሁር ያንኑ ቃል ይዞ «ሕዝቡ ክፉውን ሁሉ ዕጣ ፈንታዬ ብሎ እንዲቀበል ያደረገው ይህ ነው» ይላል። ሁለቱም ምስጋና የሚገባው ሐዘን ሲወጣ ነው ብለው ያስባሉ። ልዩነታቸው አንዱ በመውጣቱ መደሰቱ፣ ሌላው መቆጣቱ ብቻ ነው። እኔ የምከራከረው ግን በእኛ ትውፊት ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚቀርበው ምስጋና ከልቅሶው ጋር አብሮ እንደሚኖርና ክፉውንም ክፉ ብሎ እንደሚጠራ ለማሳየት ነው። ለዚህ ዋናው ማስረጃ ያለው፣ አብዛኛው ምእመን ቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ በሚያልፍ አንድ ጸሎት ውስጥ ነው።

የቅድመ ሁኔታው ጉዳይ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የሰሜን ሸዋው ምንጃር ሸንኮራ ነው። የወረዳው ከተማ አረርቲ ጤፍና ሽምብራ የሚታፈስበት አገር እምብርት ናት። በዚሁ ወረዳ የሚገኘው የሸንኮራ ቅዱስ ዮሐንስ ጠበል ከአዲስ አበባና ከሌላም አገር ብዙ ሕመምተኛ ይስባል። ጠበል ባለበት ስለት አለ። «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አመጣለሁ» ያለ ሰው ልመናው ሲሰምርለት ጥላውን፣ መጋረጃውን፣ ጧፉንና ዕጣኑን ይዞ ይመጣል፤ ሕዝቡም በእልልታ ይቀበለዋል። የተፈወሰ ቆሞ ይመሰክራል፣ የወለደች ልጇን ታቅፋ ትታያለች።

ስለት የተናቀ ነገር አይደለም። የሳሙኤል እናት ሐና የተሳለችው እንዲሁ ነበር፣ የተሳለችውንም ፈጽማለች። ሆኖም የስለት ምስጋና በባሕርዩ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የሚፈጸመውም ልመናው ሲፈጸም ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህ አንድ ዓይነት ምስጋና የሌላውን ሁሉ ቦታ ሲይዝ ነው። ዛሬ በአደባባይ የሚሰማው ምስክርነት ከሞላ ጎደል የተደረገለት ሰው ምስክርነት ነው። ሳይፈወስ የተመለሰው፣ ልጁን ይዞ መጥቶ፣ ጠበሉን አጠጥቶ አስከሬን ይዞ የሄደው፣ ድምፅ ማጉያው አይደርሰውም። እርሱ ምን ብሎ ያመስግን? ለዚህ ጥያቄ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ መልስ አላት።

መልሱ ለቅዱስ ባስልዮስ የሚሰጠው ጸሎተ አኰቴት፣ ማለትም የምስጋና ጸሎት፣ ነው። ከቅዳሴው መጀመሪያ አካባቢ ይደርሳል፤ ካህናቱ በመቅደስ፣ ጥቂት ሽማግሌዎችና እናቶች በደጅ ሆነው ሳሉ ያልፋል። ዘግይቶ ለሚመጣው ብዙ ሰው እንደሌለ የሚቆጠር ጸሎት ነው። አወቃቀሩ ግን በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ነው።

መጀመሪያ የሚያመሰግንባቸውን ምክንያቶች እንይ። እግዚአብሔር እንደሰወረን፣ እንደረዳን፣ እንደጠበቀን፣ ወደ እርሱ እንዳቀረበን፣ እንደተቀበለን፣ እንዳጸናን፣ እስከዚህች ሰዓትም እንዳደረሰን ተራ በተራ ይዘረዝራል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ አንድም ንብረት የለም። እህል፣ ከብት፣ ጤና፣ ልጅ፣ ሹመት አልተጠቀሰም። ግሦቹ ሁሉ የሚያርፉት በሰው ላይ ነው፤ የተጠበቀው ሰው፣ የቀረበው ሰው፣ የጸናው ሰው። እንዲህ የተሠራ ምስጋና ንብረቱ ሲጠፋ ምክንያቱ አብሮት አይጠፋም፤ መጀመሪያውኑ በንብረቱ ላይ አልተመሠረተምና።

የዝርዝሩ መጨረሻ በተለይ ያስደንቀኛል። ጸሎቱ ከሁሉ ነገር በኋላ የሚያርፈው በሰዓት ላይ ነው፤ ያመሰገነው ሰው እስከዚህች ሰዓት ደርሷል። ይህን ማንም ሰው ሳይዋሽ ሊለው ይችላል። ትናንት ባሏን የቀበረች ሴት «ደኅና ነኝ» ብትል ውሸት ነው፣ «ይህ የሆነው ለጥቅሜ ነው» ብትልም የማታውቀውን መናገሯ ነው። እስከዚህች ሰዓት መድረሷ ግን እውነት ነው። ጸሎቱ ከሐዘንተኛ የሚጠይቀው ከእውነት ያልዘለለውን ይህን ብቻ ነው። ሥነ ጽሑፋዊ ውበቱም መንፈሳዊ ቁም ነገሩም ያለው በዚህ ቁጥብነቱ ላይ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነገር የምስጋናው ስፋት ነው። ጸሎቱ ስለሚሆነው ሁሉ፣ በሚሆነውም ሁሉ ውስጥ ሆኖ ያመሰግናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በሁሉ ነገር ውስጥ እንዲያመሰግኑ ይጽፋል፣ ለኤፌሶን ሰዎች ደግሞ ስለ ሁሉ ነገር። ዛሬ ብዙ መምህራን የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ሁለተኛውን ማለዘብ ይቀናቸዋል፤ ጸሎቱ ሁለቱንም ሳያስታርቅ አንድ ላይ ይዟቸዋል። ከባድ ነው፤ ክብደቱን መደበቅም አይገባም።

ይህን ክብደት የሚያስችለው ሦስተኛው ነገር ነው፤ ነቃፊዎች ፈጽሞ ያላዩትም ይህን ነው። ጸሎቱ አመስግኖ አያበቃም። ወዲያውኑ ወደ ልመና ዞሮ ቅንዓትን፣ ፈተናን፣ የሰይጣንን ሥራ፣ የክፉ ሰዎችን ምክርና የጠላትን መነሣት እንዲያርቅ ይለምናል። ስለ ሁሉ ያመሰገነው አፍ በዚያው ትንፋሽ «ይህን ከእኛ አርቅ» ይላል። ክፉን ደግ ነው ያለ ሰው እንዲርቅለት ለምን ይለምናል? ያለ ቅድመ ሁኔታ ማመስገን ለበደል እጅ መስጠት ነው የሚለው ክስ ይህን ጸሎት እስከ መጨረሻው ላነበበ ሰው አይቆምም።

ከጸሎቱ ወደ ሐዘን ቤቱ እንሂድ። እዚያ ሁለት አባባሎች ጎን ለጎን ይሰማሉ፦ «ተመስገን» እና «ለበጎ ነው»። ተመሳሳይ ቢመስሉም በጣም ይለያያሉ። «ተመስገን» የሚለው ሐዘንተኛው ራሱ ነው፤ የሚለውም ለእግዚአብሔር ነው። «ለበጎ ነው» የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለቅሶ ደራሹ ነው፤ የሚለውም ለሐዘንተኛው ነው። የመጀመሪያው ስጦታ ነው፤ ሁለተኛው ማብራሪያ ነው። ሞትን ለማብራራት ደግሞ ለቅሶ ደራሹ ሥልጣን አልተሰጠውም። የኢዮብ ወዳጆች የተወቀሱት በዚሁ ነው። ብዙ ሰባኪ ከመጽሐፈ ኢዮብ የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ኢዮብ ሁሉን አጥቶ የባረከበትን፣ አንሥቶ ይሰብካል። መጽሐፉ ግን 42 ምዕራፎች አሉት፤ በሦስተኛው ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ይረግማል፣ በመጨረሻውም እግዚአብሔር ቅን ነገር የተናገረው ማብራሪያ የደረደሩት ወዳጆቹ ሳይሆኑ ኢዮብ መሆኑን ይመሰክራል። ምዕራፍ አንድን ብቻ ይዞ ሐዘንተኛን «አታልቅስ፣ እንደ ኢዮብ አመስግን» የሚል ሰባኪ መጽሐፉን አላነበበም፤ አንብቦም ከሆነ በሐዘንተኛው ላይ ጨክኗል።

ትውፊቱ ራሱ እንዲህ አይቸኩልም። ቤተ ክርስቲያን ለሞተው በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ ሁለተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን፣ በመንፈቁና በዓመቱ ጸሎት ታደርሳለች። ሐዘን በቀብር ዕለት እንዲያልቅ የምትፈልግ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት አትሠራም ነበር። ዳዊት የሚደግም ሰውም በ87ኛው መዝሙር ማለፉ አይቀርም፤ ያ መዝሙር በጩኸት ተጀምሮ በጨለማ ያልቃል፣ ማጽናኛም የለውም። አባቶች ቆርጠው አልጣሉትም፣ መጨረሻም አልቀጠሉለትም። የምስጋናው መዝሙር በሚደገምበት አፍ እንዲደገም ተዉት።

ምስጋናው የሚነገርበት ጊዜም ሊታሰብበት ይገባል። በምዕራቡ ዓለም የሚወሳ አንድ ታሪክ አለ። ማርቲን ሪንካርት የተባለ የጀርመን ቄስ በ1637 እ.ኤ.አ. በአይለንቡርግ ከተማ በተነሣው ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ቀብሯል፤ ሚስቱም ከሟቾቹ መካከል ነበረች። ዝነኛ የምስጋና መዝሙሩን በዚያ ሁሉ ሬሳ መካከል እንደጻፈው ይተረካል። ብዙ የመዝሙር ታሪክ ጸሐፊዎች ግን መዝሙሩ ከወረርሽኙ በፊት የገበታ ጸሎት ሆኖ እንደተጻፈ ያስረዳሉ። ለእኔ ይህኛው ታሪክ ይበልጣል። ሰውየው ከሐዘኑ ውስጥ ምስጋና ጨምቆ አላወጣም፤ በደኅናው ቀን ከልጆቹ ጋር ሲለው የኖረው ቃል በክፉው ቀን አገኘው። የምንጃር ገበሬ ይህን ከእርሻው ያውቀዋል፤ ሽምብራ የሚያድገው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጥቁሩ አፈር ይዞ ባቆየው እርጥበት ነው። አኰቴት በየቅዳሴው የሚደገመውም ለዚህ ይመስለኛል። በግብጽ ቤተ ክርስቲያን የቀብር ሥርዓት እንኳ የሚጀመረው በዚሁ ጸሎት ነው።

ምስጋናና ልቅሶ ጎን ለጎን የታዩበትን አንድ ምሳሌ ልጨምር። በየካቲት 2007 ዓ.ም. በሊቢያ 21 ክርስቲያኖች፣ ሃያው ግብጻውያን፣ ሲታረዱ ከሟቾቹ የሁለቱ ወንድም በቴሌቪዥን ቀርቦ ገዳዮቹ ግድያውን ከቀረጹበት ፊልም የሟቾቹን የመጨረሻ የእምነት ቃል ሳይቆርጡ በማሰማታቸው አመሰገነ፤ ዓለምም ተገረመ። በሚያዝያ ወር ከ20 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያው አገር ሲገደሉ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ቂርቆስ ሰፈር በዋይታ ተናወጠ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። የግብጹን ምስጋና ከቂርቆስ ልቅሶ አስበልጦ የሚሰብክ ሰው ይኖራል። እኔ አላስበልጥም። ያ ወንድም የሰጠው ማንም ስላልጠየቀው ከበረ፤ የቂርቆስ እናቶችም ደረታቸውን ሲመቱ የጠሩት ያንኑ አምላክ ነው።

ወደ ሸንኮራ እንመለስ። ጠበሉ በስሙ የሚጠራው መጥምቁ ዮሐንስ ከወኅኒ አልወጣም። እስር ቤት ሆኖ ደቀ መዛሙርቱን ልኮ ክርስቶስን አስጠየቀ፤ ጌታም ስለ ጥያቄው አልነቀፈውም፣ ይልቁንም በሕዝቡ ፊት አከበረው። ከዚያም አንገቱ ተቀላ፤ በየዓመቱ መስከረም 2 ይታሰባል። ሕመምተኛው ፈውስ የሚለምንበት ስፍራ ባለቤት ራሱ ከመከራው ያልዳነ ሰው ነው። ሳይፈወስ የሚመለሰው ምእመን ከተፈወሰው ይልቅ ለዚህ ቅዱስ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ፤ በአውደ ምሕረት ግን ይህ ሲነገር አይሰማም። የስለቱን እልልታ እያደመቁ ያልተደረገለትን ዝም ማለት ጉድለት ነው፤ ደፍሬ ለመናገር፣ ምእመኑን በውጤት የሚመዝን ነጋዴነት ነው።

ለመምህራንና ለሰበካ ጉባኤያት የማቀርበው ሦስት ነገር ነው። ጸሎተ አኰቴት ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሰዓት በአማርኛ ይተርጎም፣ ይብራራም። የተደረገለት በሚመሰክርበት መድረክ ያልተደረገለትም ይቁም፤ የሚለው ቃል ቢያጣ እንኳ ዝም ብሎ ይታይ። በሐዘን ቤት ደግሞ «ለበጎ ነው» ማለት ይቅር፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይበቃል። ምስጋና ከሐዘንተኛ የሚጠበቅ ዕዳ አይደለም። እርሱ ሲሰጥ ግን ስለት ያለው ሁሉ ከሚያመጣው ጥላና መጋረጃ ይበልጣል።