ስለ ገብረ ክርስቶስ መርዓዊ ገድል

በየዓመቱ ጥቅምት 14 ቀን በስንክሳር የሚነበበው የገብረ ክርስቶስ መርዓዊ ታሪክ በካህናትም በምእመናንም ዘንድ የታወቀ ነው። የቍስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ፥ የመንግሥትን ልብስ ጥሎ፥ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከነዳያን ጋራ ተቀመጠ። ሰባኪው ሁሉ ይህን ሌሊት አስፍቶ ይናገራል፤ ሰሚውም አድንቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነገር ግን ገድሉን አስተውሎ ለሚመረምር ሰው ፍሬው የሚገኘው ከሠርጉ ሌሊት አይደለም፤ ከአባቱ ደጅ ነው።

ቅዱሱ በስደት አገሩ ክብሩ በተገለጠ ጊዜ ውዳሴ ከንቱን ሸሽቶ በመርከብ ሲሄድ፥ ነፋስ ወደ አባቱ አገር መለሰው። እርሱም ፈቃደ እግዚአብሔር መሆኑን ዐውቆ ከአባቱ ደጅ እንደ ማንኛውም ለማኝ ተቀምጦ 15 ዓመት ኖረ። አገልጋዮቹ የዕቃ እጣቢ ደፉበት፤ ውሾች ግን ቍስሉን ላሱለት። አባቱ ሲገባና ሲወጣ ያየዋል፤ አያውቀውም። «ልጅህ ነኝ» የምትል አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ ዐልጋውም ማዕዱም ይመለሱለት ነበር። ያችን ቃል አላወጣትም።

በሩቅ አገር ሆኖ የአባትን ቤት መተው አንድ ነገር ነው፤ የወጡ ሽታ እየሸተተ፥ የእናት ልቅሶ እየተሰማ በደጁ ሆኖ መተው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን እግር ይፈጽመዋል፤ ሁለተኛውን የሚፈጽመው ልብ ብቻ ነው።

ይህም ከታሪኩ አመጣጥ ይታወቃል። በ5ኛው መቶ ዓመት በሱርስት ቋንቋ በተጻፈው ጥንታዊ ንባብ ሰውዬው በስሙ አይጠራም፤ «የእግዚአብሔር ሰው» ብቻ ይባላል። ራቡላ የሮሃ ኤጲስ ቆጶስ በነበረበት ዘመን፥ ማለት ከ412 እስከ 435 ባለው ጊዜ፥ በዚያች ከተማ ሞቶ ከእንግዶች መቃብር ተቀበረ፤ መቃብሩም ሲከፈት ከጨርቁ በቀር ምንም አልተገኘም ይላል። ወደ አባቱ ደጅ መመለሱ በዚያ የለም፤ የሚገኘው ኋላ በጽርእ በተጻፈው ነው። ይህን ሰምቶ የሚታወክ ካህን ቢኖር አይታወክ። አባቶች ታሪኩን ሲቀባበሉ፥ መሸሽ ብቻውን የመተው ፍጻሜ እንዳይደለ አስተውለዋል። ወደ ግዕዝ የገባውም የደጁን ፈተና የያዘው ነው፤ የግዕዙንም ንባቦች ኤንሪኮ ቼሩሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. አሳትሟቸዋል።

ስሙም ራሱ ሰምና ወርቅ አለው። መርዓዊ ሙሽራ ነው፤ በሠርጉ ቀን ይገለገላል እንጂ አያገለግልም። ገብር ግን አገልጋይ ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ በሰሙ ይጣላሉ፤ በወርቁ ይታረቃሉ፤ ምድራዊ ሙሽርነቱን የተወው ለሰማያዊው ሙሽራ አገልጋይ ሊሆን ነውና።

ከከተማ ሰዎች «ሙሽራን ጥሎ መሄድ ጭካኔ አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የስንክሳሩም ንባብ የሙሽራይቱን ኀዘን ባጭሩ ማለፉ ጉድለት ነው፤ የተተወችው እርስዋም ሳትወድ የመተውን ቀንበር ተሸክማለችና። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው 1ኛ መልእክት በምዕራፍ 7 ባል ሚስቱን እንዳይተው አዝዟል፤ ስለዚህ ገድሉ ለባለ ትዳር ሁሉ ሥርዓት ሆኖ አልተጻፈም። ሁሉን የሚመለከተው ደጁ ነው። ርስቱን ትቶ ገዳም የገባ መነኵሴ የቅድሚያ ወንበር ቢነፈገው ከተቈጣ፥ ርስቱን በልቡ ይዞ ገብቷል። ሱቁ በከተማ መካከል ያለ ነጋዴም ንብረቱ ሲጠፋ እግዚአብሔርን ካመሰገነ፥ ከደጁ ሳይርቅ ትቷል።

በፍጻሜው ቅዱሱ ታሪኩን በወረቀት ጽፎ በእጁ እንደ ጨበጠ ዐረፈ፤ ወረቀቱንም ሊወስዱ ቢሹ እስኪጸልዩ ድረስ እጁ አልለቀቀም። ሁሉን የለቀቀ እጅ በመጨረሻ አንዲት ወረቀት ብቻ ያዘ፤ እርስዋንም ያቈያት ላዘኑት መጽናኛ ልትሆን ነው እንጂ ለራሱ አይደለም። ገድሉን የሚሰማም ሰው በቤቱ ሲደርስ የገዛ እጁን ይመልከት፤ ምን እንደ ጨበጠ፥ ለማንም እንደ ጨበጠው ይመርምር።