የደስተኞቹ አገር ለቅሶ

ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው ወሬውን የሰማሁት። ቴሌቪዥኑ ፊንላንድ በደስታ ከዓለም አንደኛ መውጣቷን ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2025 ስምንት ዓመት በተከታታይ መሆኑ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ሾፌር «እነሱማ ምን አለባቸው!» አለና ሻዩን ፉት አለ።

እኛ ፊንላንድን የምናውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በደስታዋና በትምህርቷ። ስለ ትምህርት ጥራት የሚናገር ሰው ፊንላንድን ሳይጠራ ከመድረክ ከወረደ ንግግሩ ጨው ያነሰው ይመስለዋል። እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ስንትና ስንቴ ጠርቻታለሁ!

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ፖለቲካዋ ደጃችን ድረስ መጣ። የዚያን ጊዜው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ፔካ ሃቪስቶ የአውሮፓ ኅብረት መልእክተኛ ሆነው ስለ ጦርነቱ ሊነጋገሩ አዲስ አበባ ገቡ። በሰኔ ወር ለአውሮፓ ፓርላማ አባላት ሲናገሩ፣ የኢትዮጵያ መሪዎች በዝግ ውይይት ላይ ትግራዋይን ለመቶ ዓመት ስለማጥፋት አውርተዋል አሉ። መንግሥት ፈጽሞ አልተባለም ብሎ አስተባበለ። ሻይ ቤቶቻችን ለሁለት ተከፈሉ። «በበረዶና በሰላም ያደገ ፈረንጅ ስለ ወንድማማች ጦርነት ምን ያውቃል?» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ጠረጴዛም ሳልመታ አልቀረሁም።

ያን ቀን ሰውየው ያሉት ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ልፈርድ አይደለም። የራሴን አላዋቂነት ነው የማወራው። የዓለም ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩ የምለው ሰውዬ የፊንላንድን 1918 አላውቅም ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1918፣ ከሩሲያ ነጻ ከወጡ ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ ፊንላንዶች ቀይና ነጭ ተባብለው ተዋጉ። ቀዮቹ የፋብሪካ ሠራተኛውና ጢሰኛው፣ ነጮቹ ባለመሬቱና ባለሀብቱ፣ ከእነሱም ጋር ብዙ ገበሬ። በግንቦት አለቀ። ከሦስት ሚሊዮን እምብዛም በማይበልጥ ሕዝብ ውስጥ 38 ሺህ ያህል ሰው ሞተ። ከግማሽ የሚበልጠው የሞተው ጦር ሜዳ ላይ አይደለም፤ ተረሽኖና በእስር ካምፕ ውስጥ በረሀብና በበሽታ ነው። ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ቀዮች ታስረው ነበር። ታሪካቸው ውስጥ ቀይ ሽብርና ነጭ ሽብር የሚባሉ ቃላት አሉ። አንባቢዬ፣ እነዚህን ቃላት ከየት እንደምናውቃቸው ልንገርህ?

አቃቂ ውስጥ፣ ልጅ ሆኜ፣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ፣ ልጃቸው በቀይ ሽብር የተገደለባቸው አንዲት እናት ጎረቤታችን ነበሩ። ድንኳን አልተተከለም፣ እድርተኛም አልመጣም፤ ማልቀስ ክልክል ነበር። እሳቸው ታዲያ የሰው ለቅሶ ሲሆን ማንም አይቀድማቸውም። የማያውቁት ሰው ቀብር ላይ ሳይቀር ደረት እየደቁ ያለቅሱ ነበር። የሚያለቅሱት ለራሳቸው ልጅ እንደነበረ እናቴ የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በፊንላንድም እንዲሁ ነበር። ነጮቹ አሸንፈዋልና ሐውልታቸው በየደብሩ ቆመ። የቀዮቹ ሬሳ በብዙ ቦታ ጫካ ውስጥ በጅምላ ጉድጓድ ቀረ፤ ሐውልት በሰፊው የቆመላቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጦርነቱ ራሱ አንድ ስም አልነበረውም። ለነጩ «የነጻነት ጦርነት»፣ ለቀዩ «የመደብ ጦርነት»፣ ለሌላው «አመፅ»፣ ለሽማግሌው «የወንድማማች ጦርነት»። አንድ ሰው በየትኛው ስም እንደጠራው ብቻ ሰምተህ አባቱ የት ቆሞ እንደተኮሰ ታውቃለህ።

ይህን ያወቅሁት ከታሪክ መጽሐፍ አይደለም፤ ከቫይኖ ሊና ልብ ወለድ ነው። ሊና ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ታምፐሬ ከተማ በፊንሌይሰን የጥጥ ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ያደግሁት የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ የፈረቃ ጥሩምባ እየቀሰቀሰኝ ነውና ገና ከደራሲው ታሪክ ልቤ ወደደው። «እዚህ፣ ከሰሜን ኮከብ ሥር» የተባለው ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1962 በሦስት ቅጽ ወጣ። እኔ ያነበብኩት እንግሊዝኛውን ነው። ዩሲ የሚባል ድሃ የቤተ ክህነት መሬት ላይ ረግረግ አድርቆ እርሻ ያወጣል። መሬቱ ከለማ በኋላ ግን ቤተ ክህነቱ ከፊሉን መልሶ ይወስድበታል። ልጁ አክሰሊ ያንን እያየ ያድግና በ1918 የቀዮች አለቃ ይሆናል። እሱ ታስሮ ይመለሳል፤ ሁለት ወንድሞቹ አይመለሱም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይሄ ምን ትርጉም ይፈልጋል? ጢሰኛን ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» እናውቀዋለን።

ሊናን ትልቅ የሚያደርገው ቀዮቹን ቅዱስ አለማድረጉ ነው። አክሰሊ ግትር ነው፣ ቂመኛ ነው፣ የሚያዛቸው ሰዎችም የሚያሳፍር ነገር ይሠራሉ። ደራሲው ያደረገው ነገር ቢኖር ሰውየው ወደዚያ የደረሰበትን መንገድ አንድ በአንድ ማሳየት ብቻ ነው። (እንከን አለው፤ ጌቶቹን ሲስል እጁ ይደርቃል፣ ሦስተኛው ቅጽም ይንዛዛል።) ሁለተኛው ቅጽ በ1960 ሲወጣ የታሪክ ምሁራን ተነሡበት፤ ክርክሩ ጋዜጣ ሞላ። ቀይ ተብሎ የተገደለ አባት ያለው ሰው ግን ከ42 ዓመት በኋላ አባቱን በአደባባይ ጠራ። ሊናን ኋላ ምን አደረጉት? በ1993 በ20 ማርካ ብራቸው ላይ ፊቱን አተሙት።

እኛስ? በዓሉ ግርማ ስለ ኤርትራው ዘመቻ «ኦሮማይ»ን በ1975 ጻፈ፣ በ1976 የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ልብ ወለድ ብቻውን አገር አስታረቀ ብዬ ግን አላሞኝህም። የጢሰኞቹ የመሬት ሕግ የወጣው በዚያው በ1918 መጨረሻ ነው። በቀጣዩ ዓመት ምርጫ የተሸናፊዎቹ ወገን የነበረው ሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ ከ200 መቀመጫ 80ውን አገኘ። በ1927 መሪው ቫይኖ ታነር ጠቅላይ ሚኒስትር ነበርና የታመመውን ፕሬዚዳንት ተክቶ የነጮቹን የድል ሰልፍ ሰላምታ ተቀበለ። እንጀራውና ምርጫው ቀድመዋል ማለት ነው። ለቅሶው ነው የዘገየው።

የእኛ ጦርነት ጥቅምት 24 ቀን 2013 ተጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። ስሙን ቁጠሩልኝ እስቲ፦ «ሕግ የማስከበር ዘመቻ»፣ «የህልውና ዘመቻ»፣ «የትግራይ ጦርነት»፣ «የሰሜኑ ግጭት»፣ «የዘር ማጥፋት»። የሞተው ሰው እስከ 600 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል አደራዳሪው ኦባሳንጆ ለጋዜጣ ተናግረዋል። በጥቅምት 2016 ትግራይ ውስጥ ለተዋጊዎቹ ቤተሰቦች መርዶ ተነግሮ ሐዘን ታወጀ። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም በ2016 ጸድቋል። ይህ ሁሉ ሳይሆን በ2015 ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል ሌላው ጦርነት ፈነዳ፤ እሱም ስም እየተሻማ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው በእድራችን ጸሐፊ ምክንያት ነው። ሰውየው የፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው፤ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ቤቴ መጡ። ልጇ ወታደር የነበረ አንዲት እናት አለች። ስልኩ ከ2014 ጀምሮ አይሠራም፤ መርዶውን ስትሸሽ ኖራ በመጨረሻ ለቅሶ ተቀመጠች። መዝገቡ ላይ «የሞት ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ። ጸሐፊው «በጦርነት» ብለው ቢጽፉ አንዱ አባል «ለአገር ተሰዋ ካልተባለ» ብሎ ተቆጣ። እንዲያ ከተባለ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። በዚያው መዝገብ፣ ጥቂት ገጽ ወደ ኋላ፣ ወንድሟ በወዲያኛው ወገን ተሰልፎ የሞተባት ሌላ አባላችን አለች። እሷ ያረዳችን በ2016 ነው። ጸሐፊው ያኔ ፈርተው «በድንገተኛ» ብለው ጽፈዋል።

«መምህር፣ እርስዎ የቋንቋ ሰው ነዎት» አሉኝ። «ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቃል ይፈልጉልኝ።»

ሰላሳ ዓመት ያህል ቃል ሳስተምር ኖሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «በጦርነት» ያሉት ይበቃል፣ ለሁለቱም ይሁን አልኳቸው። የተቆጣውን ሰውዬ እኔ አነጋግረዋለሁ አልኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ ያንን ድንገተኛውን ልሰርዘው?» አሉ።

የእሱን እኔ አልወስንም፣ እህቱን ይጠይቋት አልኳቸው። እስከዛሬ አልጠየቋትም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሦስታችንም ተገናኝተን ስለ ውሃ መጥፋት አውርተን ተለያየን።