«ተጣርቷል» ወይስ «ተሸፍኗል»? ስለ ኮምፒዩተር ሁኔታ መግለጫ ቃላት

ኮምፒዩተር ሲታወክ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሩቅ ባለሙያ እርዳታ ይጠይቃል። ባለሙያው መሣሪያውን በዓይኑ ስለማያየው፣ መፍትሔ ከመስጠቱ በፊት የመሣሪያውን ሁኔታ የሚገልጽ የተሟላ ዝርዝር እንዲላክለት ይሻል። ይህን ዝርዝር ሰው በእጁ ቢለቅመው ጊዜ የሚፈጅና ለስሕተት የሚዳርግ ስለሆነ ሥራው ስክሪፕት ለሚባል አጭር ፕሮግራም ተሰጥቷል። በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀው ኢንክሲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መጀመሪያ በባሽ ተጽፎ በ2018 እ.ኤ.አ. በፐርል እንደገና የተዘጋጀው ይህ ስክሪፕት፣ በአንድ መስመር ትእዛዝ የከርነሉን ዕትም፣ የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ የድምፅና የኔትዎርክ ክፍሎቹን፣ የዲስኩን ይዞታና የሙቀቱን ልክ በተርታ ያቀርባል። በአንድሮይድ ስልኮችም ተመሳሳይ አገልግሎት ሲኖር በአማርኛው ገጽ «የሳንካ ሪፖርት» ተብሎ ተሰይሟል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የመሣሪያዎቹን ብቃት ሳይሆን ለነዚህ አገልግሎቶች የተሰጡትንና ሊሰጡ የሚታሰቡትን የአማርኛ ቃላት ነው። መመዘኛችንም፣ ዝርዝሩን የሚልከው ሰው ምን አሳልፎ እንደሚሰጥ ከቃሉ ሊረዳ ይችላልን? የሚል ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የመሣሪያው መለያ ቁጥር፣ የኔትዎርክ አድራሻው፣ አንዳንዴም የባለቤቱ ስም ሊገኝ ስለሚችል ነገሩ የቋንቋ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«ሳንካ» በበኩላችን የምናመሰግነው ምርጫ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በጥሬው ነፍሳትን ያመለክታል፤ በ1947 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ማርክ 2 ኮምፒዩተር ውስጥ የተገኘችው የእሳት ራት ታሪክም ዘወትር ይጠቀሳል፤ ምንም እንኳ ቃሉ ከዚያ አስቀድሞ በኤዲሰን ዘመን የሚነገር ቢሆንም። ተርጓሚው ተባዩን ትቶ እንቅፋቱን በመያዙ «ጉዳዩ ሳንካ ገጠመው» የሚለውን የቆየ አነጋገር ወደ አዲሱ ሙያ አስገብቶታል። ቅሬታችን «ሪፖርት» በሚለው ላይ ነው። ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው የሚያውቀውን ይናገራል፤ የስልኩ ባለቤት ግን የሚልከው ራሱ ያላነበበውን፣ ምናልባትም ቢያነበው የማይገባውን የመሣሪያውን የውስጥ ሁኔታ ነው። «የሁኔታ ዝርዝር» ቢባል ቢያንስ ዝርዝሩ ከአንድ ሳንካ የሰፋ መሆኑን ያስገነዝባል።

መሣሪያው የሠራውንና የደረሰበትን በየቅጽበቱ የሚያሰፍርበት ፋይል «ምዝግብ ማስታወሻ» ተብሏል። ማስታወሻ ሰው እንዳይረሳ ብሎ በገዛ ፈቃዱ የሚጽፈው ነው፤ ይህን ግን ማሽኑ ማንም ሳያዘው ይጽፈዋል። የእንግሊዝኛው ስያሜ የመጣው ከመርከብ ነው፤ ፍጥነት ለመለካት ወደ ባሕር ይጣል ከነበረው ግንድ ወደ ጉዞው መዝገብ ተላለፈ። እኛ መርከብ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገንም። ፍርድ ቤቶቻችን «የችሎት ውሎ» ይላሉ፤ ሰውም ውሎውን ይጠየቃል። ስለዚህ «የውሎ መዝገብ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። የውሎ መዝገቡን እንዲልክ የተጠየቀ ሰው ውሎው እንደሚታይ ወዲያው ይገባዋል፤ «ምዝግብ ማስታወሻ» ይህን አይነግረውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ገና ያልተተረጐመ ቃል ነው። ኢንክሲ ዜድ በሚለው ፊደል ሲታዘዝ መለያ ቁጥሮችንና የኔትዎርክ አድራሻዎችን ከዝርዝሩ ያስቀርና በየቦታቸው «ፊልተር» የሚል ምልክት በቅንፍ ያኖራል። መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ ተርጓሚ «ማጣሪያ» የሚለውን ስለሚያገኝ በቁጥሩ ቦታ «ተጣርቷል» ብሎ መጻፉ አይቀርም። አማርኛ ግን ውሃን ብቻ አያጣራም፤ ሒሳብም ይጣራል፤ ወንጀልም ይጣራል፤ «ጉዳዩ እየተጣራ ነው» የማይል መሥሪያ ቤትም የለም። ስለዚህ «መለያ ቁጥር፦ ተጣርቷል» የሚለውን የሚያነብ ሰው ቁጥሩ ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኘ ብሎ ይረዳል። የተደበቀው የተረጋገጠ መስሎ ቀረበ ማለት ነው። ይባስ ብሎ፣ ቁጥሩ መሸፈኑን ያልተረዳ ላኪ እርዳታውን ለማፋጠን ሲል በሌላ መልእክት እንደገና ሊጽፈው ይችላል፤ ያን ጊዜ መሸፈኑ ከንቱ ይሆናል። ከጠላ ቤት ቃል ተውሰን «ተጠልሏል» እንዳንል ደግሞ ቁጥሩ ከዝናብ የተጠለለ ይመስላል። የምንደግፈው «ተሸፍኗል» የሚለውን ነው፤ ከእንግሊዝኛው ቃል ቢርቅም ከተሠራው ሥራ ጋር ይገጥማል።

«ውሂብ» ላይ ብዙ አንቆይም። ለላቲኑ «ዳቱም»፣ ማለትም «የተሰጠ» ለሚለው አቻ እንዲሆን ታስቦ ከግእዙ ወሀበ የተወሰደ ይመስላል፤ ነገር ግን በግእዝ ሰዋስው ውሂብ ንኡስ አንቀጽ ሆኖ «መስጠት» ማለት ነው፤ የተሰጠውን የሚያመለክተው ውሁብ ነው። ቃሉ ስለተለመደ ይመለስ አንልም፤ ወደፊት ከግእዝ የሚያረቡ ሰዎች ግን ርባታውን ቢጠይቁ መልካም ነው።

«መላ መፈለጊያ» የሚለውም ለችግር መፍቻው ሥራ በጠቅላላው ሲውል ያማረ ነው። ለስክሪፕቱ ሲሰጥ ግን ያሳስታል፤ ስክሪፕቱ ይሰበስባል እንጂ መላ አይፈልግም፤ መላውን የሚፈልገው ዝርዝሩን የተቀበለው ባለሙያ ነው። ለስክሪፕቱ «መረጃ ሰብሳቢ» ይበቃዋል።

ስለ «ስክሪፕት» ራሱ ቁርጥ ያለ አቋም የለንም። «ጽሕፈት» እንዳይባል፣ የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ በእንግሊዝኛው በዚሁ ስም ተመዝግቧልና ሁለቱ ይምታታሉ። በአባላቱ መካከል «የትእዛዝ ተርታ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ለሥራው ቅርብ ሆኖ አግኝተነዋል፤ የባለሙያዎች አስተያየት እስኪሰበሰብ ድረስ ግን «ስክሪፕት» እንዳለ ቢጻፍ እንመርጣለን።