ጽናትን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችና አቀራረባቸው

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መሰናክልን ተቋቁሞ መቀጠልንና ሥቃይን ችሎ ሥራን መፈጸምን የሚገልጹ አያሌ ፈሊጣዊ አነጋገሮች አሉት። እነዚህ ፈሊጦች ለተማሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡት በፊደል ተራ ተደርድረው፣ እያንዳንዳቸውም «መጽናት» ወይም «ተስፋ አለመቁረጥ» የሚል ተመሳሳይ ፍች ተሰጥቷቸው ነው። ዘዴው ለአዘጋጁም ሆነ ለፈታኙ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ፈሊጦቹን የሚለያቸውን ቁም ነገር ስለሚያጠፋው ተማሪው ያወቀው የመሰለውን አነጋገር ያለ ቦታው እንዲጠቀምበት ያደርገዋል።

ለዚህ «ባይት ዘ ቡሌት» የሚለው ፈሊጥ ምሳሌ ይሆናል። ቃል በቃል ሲተረጐም «ጥይቱን ንከስ» ማለት ነው። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ቁስለኛ ወታደር በቀዶ ሕክምና ጊዜ ጥይት ይነክስ ነበር የሚል ታሪክ ስለ ምንጩ ይነገራል፤ ሩድያርድ ኪፕሊንግም እ.ኤ.አ. በ1891 በታተመ ልቦለዱ ተጠቅሞበታል። አማርኛም «ጥርሱን ነክሶ» ስለሚል ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ነገር ግን ጥርሱን ነክሶ የሚኖር ሰው ችግርን ለዓመታት ሊሸከም ይችላል፤ ጥይቱን የሚነክሰው ግን ሲሸሸው የቆየውን አንድ መራራ ነገር ለመጋፈጥ የቆረጠ ሰው ነው። እናቱ ዐሥር ዓመት ሙሉ «ጥይት ስትነክስ» ኖራ እንዳሳደገችው የሚጽፍ ተማሪ ሰዋስው ሳያፋልስ እንግዳ ዐረፍተ ነገር ያወጣል። የስሕተቱም ምንጭ የተማሪው ስንፍና ሳይሆን ያጠናው ዝርዝር ነው።

«ስቲክ ቱ ዩር ገንስ» የሚለውም በተኩስ መካከል ከመድፉ ከማይለይ ተዋጊ የተወሰደ ነው። ዛሬ የሚነገረው ግን ስለ ሥራ ትጋት ሳይሆን ተቃውሞ ሲበረታበት ሐሳቡን ስለማይለውጥ ሰው ነው። ሰንደቅን በመርከብ ምሰሶ ላይ በምስማር መምታት የሚለው ፈሊጥ ከዚሁ ወገን ይመደባል። የጦር መርከብ ሰንደቁን ማውረዱ የመሸነፉ ምልክት ነበር፤ በምስማር የተመታ ሰንደቅ ግን በቀላሉ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ1797 እንግሊዞችና ሆላንዶች በካምፐርዳውን የባሕር ውጊያ በገጠሙ ጊዜ ጃክ ክሮፎርድ የተባለ መርከበኛ ጫፉ በተኩስ የተቆረጠውን ምሰሶ ወጥቶ ሰንደቁን በምስማር መትቷል። ተማሪው ይህን ታሪክ ቢሰማ ፈሊጡ አቋምን በይፋ አሳውቆ የማፈግፈጊያ መንገድን መዝጋት መሆኑን ይረዳል። ለእነዚህ ሁለቱ የአማርኛው «ወይ ፍንክች» ይቀርባቸዋል። በአንጻሩ «ፕላው ኦን» ትልሙን ሳያቋርጥ የሚያርስ ገበሬን የሚያስታውስ ሲሆን፣ አድካሚና አሰልቺ ሥራን መቀጠል ማለት ነው። በሞፈርና በቀንበር መካከል ላደገ ልጅ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን ዝርዝሩ ፍርድን መተዉ ነው። እንግሊዝኛ ጽናትን ሁሉ አያመሰግንም። «ፍሎግ ኤ ዴድ ሆርስ»፣ ማለትም የሞተ ፈረስ መግረፍ፣ ያበቃለትን ጉዳይ በከንቱ የሚያነሣና የሚጥል ሰው ይነቀፍበታል። ተረከዝን መሬት ውስጥ መትከል የሚለውም ብዙ ጊዜ ግትርነትን ያመለክታል። ምስጋናን ከነቀፋ ለይቶ ያልተማረ አንባቢ ደራሲው የተቸውን ሰው እንደ ጀግና ይቆጥራል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ ጉዳቱ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ የታሪክና የሥነ ዜጋ ንባብንም ያዛባል።

ዝርዝር ለማመሳከሪያነት ይጠቅማል፤ የትምህርቱን ቦታ ግን ሊይዝ አይገባውም። መምህሩ በቅድሚያ አንድ ሁኔታ ተርኮ፣ ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ምን እንደሚል ቢጠይቀው ይበጃል። ቀጥሎም መሰናክሉ ምን እንደሆነ፣ የሚጸናው ሰው ሥራን፣ ሕመምን ወይስ አቋምን እንደያዘ፣ ተናጋሪውም እያመሰገነ ወይስ እየነቀፈ እንደሆነ ማስለየት ይገባዋል። ፈተናውም ፍች ከማስመረጥ ይልቅ ሁኔታን አቅርቦ ተስማሚውን ፈሊጥ ሊያስመርጥ ይገባል። በዚህ መንገድ በአንድ ወሰነ ትምህርት ስድስት ወይም ሰባት ፈሊጦች ብቻ ቢጠኑ፣ ተማሪው በንባቡ የሚያስተውላቸውና በጽሑፉ በተገቢው ቦታ የሚያውላቸው ይሆናሉ።