ባህላችን በዲሽ፦ ለማን ነው የሚነገረው?

በዚህ ዕትም የምንተቸው መጽሐፍ አይደለም። በጅቡቲ ከተማ በየምግብ ቤቱና በየጣራው በተተከለው ዲሽ ስለሚገባው የባህል ቴሌቪዥን ነው። ተማሪዎቻችን ከደብተር ይልቅ እሱ ላይ ብዙ ሰዓት ያጠፋሉና እኛ መምህራን ዝም ልንለው አይገባም።

በሌላው ዓለም አንድ ሕዝብ ቋንቋውንና ቅርሱን ውጭ ላለው ሰው የሚያሳይበት ጣቢያ ያቋቁማል። ፈረንሳይ፣ ቤልጂየምና ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመሩት ቲቪ ሳንክ አንዱ ነው። ጣቢያው ፊልምና ዜና አሳይቶ ብቻ ዝም አይልም። ለፈረንሳይኛ ተማሪዎች መልመጃ፣ ለመምህራንም የትምህርት ዝግጅት አብሮ ያቀርባል። ባልባላ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያስተምር ሰው ጥቅሙን ያውቀዋል።

የእኛ ነገር ግን ተገልብጦ ነው የመጣው። ለትርፍ ያልቆሙት ሁለቱ ታዋቂ ጣቢያዎች፣ በ2010 የጀመረው ኢሳትና በ2014 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ የተከፈተው ኦኤምኤን፣ ውጭ ሀገር ተሠርተው በዋናነት የሚናገሩት ለሀገር ቤት ሰው ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች እያዋጡ አቆሟቸው። በጥቅምት 2016 በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያ ሁለቱንም ማየት ተከለከለ። በ2018 የፖለቲካው በር ሲከፈት ሁለቱም ሀገር ቤት ገቡ። በሰው መዋጮ ቴሌቪዥን ማቆም እንደሚቻል አሳይተዋልና ይህን ማጣጣል ነውር ነው። ዳሩ ግን ሥራቸው ፖለቲካ ነበር። ባህል የሚመጣው በበዓል ሰሞን፣ በሁለት ክርክር መሃል ነው። እኛ ደግሞ ሀገር ቤትም የለንም፣ አሜሪካም አልገባን። ወሬው በጣራችን ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል እንጂ ለእኛ ልጅ ብሎ የተናገረ አላየንም።

ባህሉን ታዲያ ማን ያዘው? በአብዛኛው በማስታወቂያ የሚተዳደሩት ናቸው። በ2008 በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የተመሠረተው ኢቢኤስ ከነዚህ አንዱ ነው። እውነቱን ለመናገር ምስሉ ያምራል፣ እኛም በበዓል ቀን እንከፍተዋለን። ሐበሻ ቀሚሱ፣ ረከቦቱ፣ ፈንዲሻው፣ ጨዋታው ሁሉ አለ። የጎደለው ማብራሪያ ነው። ፕሮግራሙ የሚያየው ሰው ሁሉን እንደሚያውቅና ናፍቆቱን ብቻ መወጣት እንደሚፈልግ አድርጎ ነው የሚሠራው። ሀገር ቤት አድጎ ለወጣ ሰው ይበቃል። እዚህ የተወለደው ልጅ ግን ቄጠማ በእግሩ ረግጦ አያውቅም፣ የሚያውቀው የፕላስቲኩን ምንጣፍ ነው። ሶማሊኛና ፈረንሳይኛ አቀላጥፎ ይናገራል፣ አማርኛ ይሰማል፣ ፊደሉን ግን አይለይም። አንዳንድ አቅራቢዎችማ በየመሃሉ እንግሊዝኛ እየቀላቀሉበት ያቺኑ የሚሰማትን ያደናግሩበታል።

የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍሩ የሰማነው እንኳን ደስ ያለንና ጭፈራ ነው። ገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚያስረክብ ሥርዓት መሆኑን ለልጅ በሚገባው መንገድ ማስረዳት ምን ያህል ደቂቃ ይወስዳል? በ2024 ደግሞ የኢሳ ሶማሌዎች በቃል የሚተላለፍ ሕግ፣ ሔር ኢሳ፣ በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ስም አንድ ላይ ተመዘገበ። ከተማሪዎቻችን ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት የጅቡቲ ልጆች ቅርስ የኢትዮጵያም ቅርስ ነው ማለት ነው። እኛ ባየናቸው የበዓል ፕሮግራሞች ውስጥ ይህን ያነሳ የለም።

ባቡሩም እንዲሁ ነው። ሐዲዱ በ1897 ከዚሁ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የአዲስ አበባው «ለገሃር» ላ ጋር ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ፈረንሳይኛ እየተማረ ያለ ልጅ ይህን ሲሰማ ሁለቱ ሀገሮች አንድ ቃል ላይ ሲገናኙለት ይታየዋል። ለቴሌቪዥን ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል?

አይቻልም የሚለን ካለ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያስታውስ። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ በ2000ዎቹ አጋማሽ በአነስተኛ አቅም የጀመሩት የአሻንጉሊት ፕሮግራም ነው። በ2008 በትምህርታዊ ዝግጅት የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። ፀሐይ የምትባለው ትንሽ ቀጭኔ እንደማታውቅ ሆና ትጠይቃለች፣ ትልልቆቹ ይመልሱላታል። ለበዓል ፕሮግራሞች የጎደለቻቸው ይህች ጠያቂ ናት። አዋቂ ለአዋቂ ሲያወራ ልጁ ዳር ቆሞ ይቀራል።

ጣቢያዎቹ እስኪሰሙን አንጠብቅም። አሊ አዴህና ሆል ሆል ያላችሁ መምህራን ይህን ሞክሩት፦ ከበዓል ፕሮግራም አሥር ደቂቃ በሞባይል ቅዱ፣ ድምፁን ዝጉና ተማሪው ያየውን በቤቱ ቋንቋ ይናገር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ይሁን። ስሙ የጠፋበትን ዕቃ በጣቱ ያሳይ፣ እናንተ ሰሌዳ ላይ ጻፉለት። ባለፈው መስቀል እኛ ስንሞክረው ሰሌዳው ላይ የቀሩት ቃላት ደመራ፣ ችቦ፣ አደይ አበባና ቄጠማ ነበሩ። በማግስቱ ሦስት ልጆች እናቶቻቸውን ጠይቀው አምስተኛ ቃል ይዘው መጡ፣ «እዮሃ»።