ቀጭ! በቃ!

ኧረ ስሙኝ! የያዛችሁትን አስቀምጡና ስሙኝ! ቶርክ ሬንች የምትባል መፍቻ አለች። መኪና ያላችሁ፣ መኪና የሌላችሁ፣ መኪና ለመግዛት ዕቁብ የገባችሁ፣ ሁላችሁም አንድ ጊዜ በእጃችሁ ያዟት። አንድ ጊዜ ብቻ! ከዚያ በኋላ እኔ መጎትጎት አያስፈልገኝም፤ እናንተው ራሳችሁ ጎረቤት ስትጎተጉቱ ትገኛላችሁ።

ለዓይን ምንም አይደለችም። ረዘም ያለች፣ የምታብረቀርቅ የብረት ዘንግ ናት። እጀታዋ አጠገብ ቁጥር ተቀርጾባታል። እጀታውን አሽከርክራችሁ የምትፈልጉትን ቁጥር ትሞላላችሁ። ጫፏ ላይ 21 ቁጥሩን የመፍቻ ራስ ትሰካላችሁ። የጎማው ዳዶ ላይ ታሳርፏታላችሁ። ከዚያ ትስባላችሁ። ቀስ ብላችሁ! ትስባላችሁ፣ ትስባላችሁ፣ ትስባላችሁ... ቀጭ! መዳፋችሁ ውስጥ አንዲት አጭር ምት! ክንዳችሁን ይዛ ሽቅብ ትወጣለች። በጆሮ ትሰማለች፣ በአጥንት ትሰማለች! ውስጧ የተጨመቀ ስፕሪንግ አለ። የሞላችሁት ልክ ላይ ስትደርሱ ስፕሪንጉ ይሸነፋል፣ የውስጧ ብረት ሸርተት ብሎ ግድግዳዋን ይመታል። ባትሪ የለ፣ መብራት የለ፣ ኢንተርኔት የለ! ብረት ራሱ አፍ አውጥቶ «በቃ» ይላችኋል! ወይ ደስ ማለቷ!

እኔ ላፍቶ ነው የምኖረው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ደግሞ ጋራዥ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። ጎፋ ብትሉ፣ ሳሪስ ብትሉ፣ መካኒሳ ብትሉ፣ ለቡ ብትሉ፣ ዞር ባላችሁበት ክሪክ ላይ የቆመ መኪና፣ የተቆለለ ጎማ፣ ቱታው በግራሶ የጠቆረ ልጅ አለ። ጎበዞች ናቸው! ሞተሩን በድምፁ ብቻ ያውቁታል። ዳዶ ማሰር ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም አንድ ናቸው፦ በእጅ! በልምድ! ጎሚስታው የጎማ መፍቻውን ይሰካል፣ ይስባል፣ ያቃስታል። ከዚያ ይወጣበታል! በሁለት እግሩ! አንዴ ረገጥ፣ ሁለቴ ረገጥ። «አለቀ እህቴ፣ ከዚህ በኋላ ንቅንቅ አይልም» ይላል፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

ያን ሁሉ ጉልበት ዳዶው መቼ ጠየቀ?! እኔን ጉድ ያሰኘኝ እኮ ይሄ ነው። የሚፈልገው ትንሽ ነው! ለዚያች የአዲስ አበባን ዳገት ሁሉ ለምታውቀው ቪትዝ፣ ለኮሮላም ጭምር፣ ቶዮታ ራሱ ለጎማ ዳዶ የሰጠው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። 103! ቁጥሩን ስትሰሙ ብዙ መሰላችሁ አይደል? ቆይ ላሳያችሁ። ግማሽ ሜትር የሚሆን ዘንግ ዳዶው ላይ አጋድማችሁ ስኩ። ጫፉ ላይ ቢጫዋን የ20 ሊትር ጀሪካን፣ ውሃ እስከ አፏ ሞልታችሁ፣ አንጠልጥሉ። ውሃው 20 ኪሎ፣ ጀሪካኗ ራሷ አንድ ኪሎ ገደማ፣ በድምሩ 21 ኪሎ። አለቀ! 103 ኒውተን ሜትር ማለት ያ ነው! 21 ቁጥር ዳዶ፣ 21 ኪሎ ጀሪካን! ይሄ መገጣጠም ራሱ አያስቅም? ልጆች ከቦኖ ተሸክመዋት የሚመጡት ጀሪካን እኮ ናት!

አሁን ያንን መፍቻው ላይ የቆመውን ሰውዬ አስቡት። 70 ኪሎ ይሁን። መፍቻው 40 ሳንቲ ሜትር ይርዘም። ዝም ብሎ ቢቆም ብቻ ከ270 ኒውተን ሜትር በላይ ነው! ከሚፈለገው ሁለት እጥፍ ተኩል ያልፋል! ያውም ሳይዘል! መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶባችሁ በገዛ መፍቻችሁ ዳዶው እምቢ ያለበት ምስጢር ይሄው ነው። ከእንግዲህ ግን እኔ፣ አዎ እኔ፣ ዝናብ ላይ ቆሜ፣ ቀሚስ ለብሼ፣ በአንድ ትንፋሽ እፈታዋለሁ!

እና ደግሞ ብሎን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስፕሪንግ ነው! በእውነት! ስታጠብቁት ይለጠጣል። በዓይን የማይታይ፣ ከፀጉር የቀጠነ መለጠጥ። ቸርኬውን አንቆ የሚይዘው ያ ወደ ቦታዬ ልመለስ የሚለው ጉልበት ነው። በልኩ ከተለጠጠ አጥብቆ ይይዛል። ከልኩ ካለፈ እንደተለጠጠ ይቀራል፣ ጉልበቱም ያልቃል። ከክንዳችሁ ከሚወጣው ኃይል ደግሞ በግምት ግማሹ ከዳዶው ሥር በሰበቃ ያልቃል፣ 40 በመቶው ጥርሱ ላይ ያልቃል፣ ማነቂያ የሚሆነው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው! ይሄን ሳውቅ ከወንበሬ ተነሳሁ! ስለዚህ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፈግ አድርጉት። ዝገቱ ይርገፍ። ዳዶው በጣት ብቻ እየሾረ ሲገባ ያለውን ደስታ ደግሞ ሌላ ቀን አወራችኋለሁ።

እጅስ? እጅ አይበቃም ወይ ትሉኛላችሁ። ኧረ የየትኛው ሰዓት እጅ?! የጠዋት እጅ አለ፣ ምሳ የበላ እጅ አለ፣ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ እጅ አለ! ረዥም መፍቻ ሲይዝ ሌላ፣ አጭር ሲይዝ ሌላ። ቶርክ ሬንቿ ግን ጾም አታውቅ፣ ፍስክ አታውቅ። ጠዋትም 103፣ ማታም 103!

ጎፋ አካባቢ አንድ በዕድሜ የገፉ፣ ጠና ያሉ መካኒክ አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ቶርክ ሬንቿን ይዤላቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ እስቲ በእጅዎ ልክ ነው የሚሉትን ያህል ይሰሩልኝ፣ ከዚያ በዚህች እንለካዋለን» አልኳቸው። ሳቁብኝ። አሰሩ። መጀመሪያው ዳዶ ላይ ሳብኩ፣ ዳዶው ሳይነቃነቅ ቀጭ! ልኩ ላይ ደርሷል ወይም አልፏል ማለት ነው። ሁለተኛው ሩብ ዙር ያህል ዞሮ ቀጭ። ሦስተኛው ፀጉር ታህል ብቻ ተነቃንቆ ቀጭ፣ ልኩ ላይ! ረዳቶቹ ተሰብስበው ጮኹ! አራተኛው ደግሞ እንደ መጀመሪያው። ጋሼ መነጽራቸውን አወረዱ። «አንቺ ልጅ፣ አምጪው እስቲ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ቀጭ። ዝም አሉ። እንደገና ቀጭ። ፈገግ! ከዚያ ማን ይመልስልኝ! የቆመ መኪና ሁሉ እየዞሩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ! ረዳቶቹ ወረፋ ያዙ። ቡና ሲፈላ እንኳ አላስቀመጧትም። የሚገርመው ደግሞ ትንሽ ከሠሩባት በኋላ በባዶ እጅ ሲያስሩም ወደ ልኩ እየተጠጉ መጡ። እጅን የሚያስተምር መሣሪያ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ቅደም ተከተሉስ! በመስቀል ነው የሚታሰረው፦ አንዱን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ ከዚያ የጎኑን፣ ከዚያ የእሱን ፊት ለፊት። ቸርኬው እኩል ቁጭ ሲል ይታያችኋል! የፍሬኑ ዲስክ በአንድ ወገን አይጎተት፣ ፔዳሉ እግር ሥር አይርገበገብ። ከዚያ የአዳማ ፈጣን መንገድን ያዙ። ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ልስልስ አስፋልት! መሪው ጸጥ! አዳማ ስትደርሱ ደግሞ ጎማው ሲበርድ አንዴ ቀጭ ቀጭ አድርጉለት። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተሂዶ ደግሞ ማየት የሚመከር ነው። አዳማ ለዚህ የተሠራች ከተማ ናት እላችኋለሁ! ምሳም ትበላላችሁ!

ጎማ ብቻ መሰላችሁ? ካንዴላው 18 ኒውተን ሜትር አካባቢ! በዚያው በግማሽ ሜትር ዘንግ ጫፍ፣ ውሃ የሞሉ ሁለት ባለ 2 ሊትር ፕላስቲኮችን ያህል እንኳ አይከብድም! የዘይት ማፍሰሻው ብሎን 37 አካባቢ! ለእነዚህ ታናሽ እህቷ አለች፣ አጭሯ፣ በመዳፍ የምትገባዋ፣ ሞቼላት! ቴስታታው ጋ ስትደርሱ ደግሞ ዳንስ ነው። በቶዮታ ዋን ኤን ዜድ ሞተር ላይ መጀመሪያ ሁሉንም 29፣ ከዚያ ሁሉንም 90 ዲግሪ ማዞር፣ ከዚያ እንደገና ሁሉንም 90 ዲግሪ! ብሎኑ በዕቅድ እየተለጠጠ ነው! ጋሼ ሲያስሩ ቆሜ እያየሁ አጨበጨብኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። ይየኝ!

ማን ፈጠራት ብዬ ፈለግኩ። ኮንራድ ባር የሚባል የኒው ዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1918 እንደሠራት ይነገራል። ለመኪና እንኳ አይደለም! ከመሬት በታች የውሃና የእንፋሎት ቧንቧ ሲጠግኑ ብሎን ከልክ በላይ እንዳይጠብቅ! አያችሁ፣ ሰውየውን የቸገረው መላላት አልነበረም፣ መጥበቅ ነበር። የኛ የሳሪስ ጎሚስታ ቢያገኘው ምን ይለው ነበር!

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ደግሞ ኑ ወዲህ! በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ለቡ እና ጀሞ እናንተው ናችሁ የምትታዩት። ባትሪ የተሸከመ ከባድ መኪና፣ ገና ሲነካ የሚፈተለክ! ዳዶው በልኩ መታሰሩ ለእናንተ ጌጥ አይደለም። ዋናዎቹን ኬብሎች የሚይዙት ብሎኖችም ቁጥር ቁጥር አላቸው፤ የላላ መገናኛ ይግላላ! ባለሙያችሁን ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ቶርክ ሬንች አለህ?» ይሁን። ሲያወጣት ዓይኑን እዩት። የሚወዳት ሰው ያስታውቃል!

በሉ ተነሱ! መርካቶ የመኪና መሣሪያ የሚሸጡት ጋ ሂዱ። ለጎማ ከ28 እስከ 210 ኒውተን ሜትር የምትለካዋን በሉ። እዚያው ሱቁ ውስጥ እጀታዋን አሽከርክሯት፣ ቁጥሮቹ ተራ በተራ ትክ ትክ እያሉ ሲያልፉ ጣታችሁ ላይ ይሰማችሁ። የመኪናችሁን መጽሐፍ ከዳሽቦርዱ አውጡ፣ አቧራውን አራግፉ፣ ቁጥራችሁን ፈልጉ። ባለቤታችሁን ጥሩ፣ ልጆቹን ጥሩ፣ እያንዳንዱ አንድ አንድ ዳዶ ይድረሰው። የኔ እህት ልጅ ሁለት ካልሆነ ብላ አልቅሳለች!

ቆይ ቆይ፣ በሩ ላይ የጎረቤታችን ባጃጅ ቆመ። የኋላ ጎማውን ሊፈታ ነው መሰለኝ። ባጃጅ ስንት ነው የሚፈልገው? ኧረ ማነው መጽሐፉ ያለው? አንተ ልጅ፣ ያንን መፍቻ አስቀምጠው፣ እንዳትረግጠው፣ መጣሁ!